የተበላችው «ተ»

መትረየስ ነበር የምንላት። ችሎት ውስጥ ቁጭ ብላ የሰው ቃል ስትጽፍ በሩ ተዘግቶ እንኳ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል፤ ጠጠጠጠጠ! ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ባለጉዳዮች በረዶ እየወረደ መስሏቸው ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣሉ። እኔ ከችሎቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ፎቶ ኮፒ አንሺ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ያንን ማሽን ታቅፌ ስለምውል የእሷ ድምፅ ሲቆም ጆሮዬ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። ሲቆም ሻይ ደረሰ ማለት ነው። አሁን ግን ቆሞ ቀርቷል፤ እኔም ሻዩን ብቻዬን ነው የምጠጣው።

ስትጽፍ እጇን አታይም። ስክሪኑንም አታይም። የምታየው የተናጋሪውን አፍ ነው። የድሮ የጽሕፈት መኪና ያሳደጋት ሰው ናት፤ ከቁልፎቹ ላይ ዓይኗን እንድታነሳ በማስመሪያ እየተመታች ነው የተማረችው። ምስክሩ ከንፈሩን ሲያላውስ የእሷ ጣት ቀድሞ ተነስቷል። አንዴማ አንዱ ምስክር «ክብርት ዳኛ፣ እኔ ሳልናገር እየጻፈችብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።

ችሎት ከመግባቷ በፊት ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ ጃንጥላ ስር ተቀምጣ ለሰው ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። ዝናብ ሲመጣ እሷ ትበሰብሳለች፣ መኪናዋን በላስቲክ ትሸፍናለች። በዚያ ነው ታናሽ ወንድሟን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው፤ በዚያው ነው እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው። ባልም አግብታ ነበር፤ ብዙ አልቆየም። ለምን ተለያያችሁ ሲሏት «የሚያወራው ነገር ለመጻፍ የሚበቃ አልነበረም» ትላለች፣ ፈገግ ሳትል። እንዲህ ናት፤ ቀልዷን ወርውራ መልሳ ሥራዋ ውስጥ ትገባለች።

ከጃንጥላው ወደ ችሎቱ ወንበር ተወዳድራ፣ ተፈትና ነው የገባችው። ወንበሩ ወንበር ይባል ከተባለ ነው እንግዲህ። እንጨት ነው፤ አንዱ እግሩ አጥሮ ከስሩ ካርቶን ታጥፎ ገብቶለታል። የተሻለ ሥራ ቢሰጧት እምቢ አለች፤ ቢሮ ቢሰጧት እምቢ አለች። «እኔ ከዚህ ወንበር የምነሳው ወይ ጡረታ ወይ ሞት ሲያነሳኝ ነው» ትል ነበር። የተነሳችው በሁለቱም አይደለም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው።

ችሎት ውስጥ የሚጻፍበት ፕሮግራም አሮጌ ነው። ተርሚናል ይሉታል። ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ፊደል፤ ማውዝ የለ፣ ሥዕል የለ። አንዷ ቁልፍ ስትነካ «ጥያቄ» ብሎ፣ ሌላዋ ስትነካ «መልስ» ብሎ በራሱ አዲስ መስመር ይከፍታል፤ ጸሐፊዋ ከዚያ ትቀጥላለች። ለመትረየስ ከዚህ የተሻለ የለም፤ የሚያባክን ነገር የለበትማ። ለዘመናት እንዲያ ሲሠራ ኖረ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ «ሲስተሙ ታድሷል» ይላሉ። ማን አድሱልን አለ? ማንም! የመጀመሪያዋ ጉድ የማጥፊያዋ ቁልፍ ሆነች። የተሳሳተ ፊደል አጥፊ ብለው ሲጫኗት አታጠፋም፤ ጭራሽ እንደ ጣሪያ የሾለ ምልክትና አንድ የፈረንጅ ፊደል ትተፋለች። «አጥፊ ስላት ትጨምራለች!» አለች መትረየስ። «ጠበቃ ሆነች እንዴ?»

የኮምፒውተር ባለሙያችን ተጠራ። እሱንም ስም አውጥተንለታል፤ ሪስታርት። ምንም ይበላሽ ምን፣ የጠረጴዛ እግር ቢሰበር እንኳ «እስቲ ሪስታርት አድርጊው» ነው የሚለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕንጻውን ሙሉ ብቻውን ስለሚያዳርስ ልቡ ሁሌ ቀጣዩ ክፍል ነው። ያን ዕለት ግን ጎበዝ ሆነ። አዲሱ ሲስተም ማጥፊያዋን በሌላ ስም ስለሚጠራት ከተርሚናሉ ጋር አልተግባቡም አለ፤ አንድ መስመር ጻፈ፣ ሪስታርት አደረገ፣ ማጥፊያዋ ወደ ልቧ ተመለሰች። እኛም አጨበጨብንለት። ምነው እጄን በቆረጠው! ከዚያ ጭብጨባ በኋላ ማሽኑ ድኗል ተባለ፤ አለቀ።

ማሽኑ ግን አልዳነም ነበር። ሳምንቱ ሳይጋመስ የመትረየስ ጽሑፍ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ሆነ። «አዎ» የሚለው «ዎ» ሆኖ ይወጣል። «አላየሁም» የሚለው «ላየሁም» ይላል። ሁሌ አይደለም፤ እዚህም እዚያም። ሁልጊዜ የሚጎድለው የመስመሩ የመጀመሪያ ሆሄ ነው፤ ሌላው ደህና። ባልደረቦቻችን መቼም አፋቸው አያርፍ፤ «መትረየስ ጥይት ከሸፈባት» አሉ። አንዱ ደግሞ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት «ደህና ዋሉ» እንደማለት «ህና ዋሉ» ብሏት እየሳቀ አለፈ። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ሳቋ እውነተኛ አለመሆኑን አውቀዋለሁ።

ሬጅስትራሩ አስጠራት። እሱ ድምፁ ቅቤ ነው፣ ነገሩ መርፌ። እኔ ወረቀት ላስገባ ገብቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እትዬ፣ ዓይንዎ ደከም ብሏል መሰለኝ» አላት። «ዕድሜ ነው፣ ማንም አይቀርለትም። ግን ፍርድ ቤት ነን። አንድ ጉዳይ የሚያበላሽ ስህተት ከእርስዎ እጅ ቢወጣ ወንበሩን ለሌላ ሰጥቼ ምድር ቤት፣ መዝገብ ማከማቻው ነው የማወርድዎት። እንዳይቀየሙኝ።»

«አልቀየምም» አለች። ምን ትበል?

መነጽር አሠራች። ሐኪሙ ለቅርብ ደህና ነሽ ቢላትም ግድ የለም ስጠኝ ብላ ነው የወሰደችው። ማታ ማታ ጣቷን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጀመረች። ጠዋት ስትገባ በአንዱ እጇ የሌላውን አንጓ እያሸች ነው። «እጄ ከዳኝ መሰለኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሻዩን ሳትነካው። እኔ እዚያው ቱግ አልኩ። «የምን እጅ ነው የሚከዳ! ማሽኑ ነው እንጂ! ሲስተሙን እስኪነካኩት ድረስ ያንቺ እጅ የት ነበር?» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ያላመነችኝ መሆኑ ያስታውቃል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ባዶ ችሎት ውስጥ አስገባኋትና ከጎኗ ቆምኩ። «እኔ ልጠይቅሽ፣ አንቺ እንደምስክር መልሽ፣ ራስሽው ጻፊው። እኔ ስክሪኑን ላይልሽ» አልኳት። ዓይኗን እኔ አፍ ላይ ተከለች፤ ልማድ ነዋ።

«ምሳ በልተሻል?»

«አዎ» ብላ ተኮሰችው።

እኔም አየሁት፤ በዚህ በሁለቱ ዓይኔ! የእኛ ፊደል ሲጻፍ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሆሄ በሁለት ቁልፍ ነው የሚወለደው። «ት»ን ነክተህ አናባቢውን ስታስከትል ሁለቱ ተጋብተው «ተ» ይሆናሉ። እስኪጸና ድረስ ከስሩ መስመር ተሰምሮበት ለአፍታ ይጠብቃል። ያ የመጀመሪያው «አ» መስመሩን እንዳነጠፈ ብልጭ አለ፤ «ዎ» ሲመጣ ጥፍት። እንደ ዝንብ እፍ ብለው ያባረሩት ነው የሚመስለው። «በላው!» ብዬ ጮህኩ። «በላው እትዬ! አንቺ ጽፈሻል፣ እሱ ነው የበላው!»

እየሮጥኩ ሄጄ ሪስታርትን ሳንድዊቹን እንደያዘ ጎትቼ አመጣሁት። አሁን ነገሩን ስሙት፤ ሪስታርት የሚጽፈው በሁለት ሌባ ጣቶቹ ነው። ቁልፉን ይፈልገዋል፣ ያገኘዋል፣ ይጫነዋል፣ ቀና ብሎ ወጥቷል ወይ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ሌላውን ይፈልጋል። እንዲያ እያደረገ «ሰላም» ብሎ ጻፈ። ሰላም አለ፤ ምንም አልጎደለም። በሌላ መስኮት ሞከረው፤ ደህና። ኪቦርዱን ነቅሎ ሌላ ሰካ፤ ደህና። የቋንቋ ማስተካከያውን ከፍቶ ዘጋ፤ ደህና። ሪስታርት አደረገው፤ ይኼማ የግድ ነው።

«እስቲ እርስዎ ይጻፉት እትዬ» አላት።

እሷ ደግሞ ሰው እጇን ሲያይባት ጊዜ ተጠነቀቀች። ሰው አፏን ሳይሆን ጣቷን ሲያይ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ ፊደል ነካች፣ አረፈች፤ ነካች፣ አረፈች። ሁሉም ፊደል ቁጭ ቁጭ አለ።

«እንደ ቅድሙ ጻፊ እንጂ!» አልኳት። «ተኩሺበት!»

«ተይ በሞቴ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ሪስታርት ሳንድዊቹን አንስቶ «ማሽኑ ምንም የለበትም» አለ፤ ያንኑም ጽፎ ለሬጅስትራሩ ሰጠ። እኔ እንደ እብድ ለፈለፍኩ፤ ማን ይስማኝ? ፎቶ ኮፒ አንሺ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች? «እንግዲያው አንቺ ስክሪኑን እያየሽ ጻፊ» ብላት «ስክሪን ካየሁ አፍ አላይም፤ አፍ ካላየሁ ቃል ያመልጠኛል» አለች። ምስክር ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ዞራ ያየችውን ታርማለች፣ ያመለጣት ያመልጣታል፤ እንዲያ ሆና ስትሠራ ልብስ ሰፊዋ መጣች።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ትቶላት የሄደው አንዲት ሱቅና ሁለት የስፌት መኪና ነው። የባሏ ወንድም ሱቁ ይገባኛል ብሎ መጣ፤ ደበደባት፣ ገፍትሮ አስወጣት፣ ቁልፉን ቀየረ። እሷም ከሰሰችው። ቃሏን ስትሰጥ አገጯ ስር ቢጫ የሆነ ሰንበር ነበረባት። አፏን ብዙ የማትከፍት ሴት ናት፤ ያፈረች ትመስል ነበር፣ እሷ ምን ያሳፍራታል እንጃ። የተጠየቀችውን ባንዲት ቃል እየመለሰች ዝም ትላለች።

«ሱቁ ውስጥ ምን ሆነ?»

«ተደበደብኩ።»

«ከዚያስ?»

«ተገፈተርኩ።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«የባሌ ወንድም። ሁለታችን ብቻ ነበርን።»

መትረየስ ጻፈችው፣ ታተመ፣ እንድትፈርም ተሰጣት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ጮክ ብሎ ያነበበላት የለም። የእሷም ዓይን እንባ ሞልቶታል፤ ጠረግ አድርጋ ፈረመች።

በቀጠሮው ቀን ኮፒ ይዤ ችሎት ገብቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። የተከሳሹ ጠበቃ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገር ሲጣፍጠው እንዲህ ያደርገዋል።

«ክብርት ዳኛ፣ ከሳሿ ራሷ ከፈረመችበት ቃል ነው የማነበው። ሱቁ ውስጥ ምን ሆነ ስትባል፣ "ደበደብኩ" ብላለች። ከዚያስ? "ገፈተርኩ"። ማን ነበር? "የባሌ ወንድም"። እንግዲህ የተደበደበው ደንበኛዬ ነው ማለት ነው። እኛ ነን መክሰስ ያለብን!»

ሰው ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ! ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ኧረ እኔ ተደበደብኩ ነው ያልኩት! እኔ ማንን እደበድባለሁ?» አለች።

እዩልኝ እንግዲህ። አንዲት «ተ» ስትበላ የተመታችው መቺ ሆና አረፈችው። «ዎ» እና «ላየሁም» ቢሆን ማንም የጽሕፈት ስህተት መሆኑን ያውቃል። «ደበደብኩ» ግን ሙሉ ቃል ነው፤ ምንም የጎደለው አይመስልም።

ዳኛዋ ጥሩ ሴት ናቸው፤ ግን ሕጉን ሳይጠቅሱ አይሄዱም። «የተፈረመ ቃል በኋላ በሚነገር ነገር አይለወጥም» አሉ። «ሊታረም የሚችለው የጽሕፈት ስህተት ከሆነና ጸሐፊዋ ስህተቱ የእኔ ነው ብለው ቃላቸውን ከሰጡ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ መትረየስ ዞሩ። «ምን ሰምተው ምን ጻፉ?»

ጠበቃው ጣልቃ ገባ። «ማሽን ነው እንዳትል ብቻ! ማሽኑ ደህና ለመሆኑ የባለሙያ ማረጋገጫ አለ።» ሬጅስትራሩም ከጥግ ሆኖ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ጠጠታው ጸጥ አለ። እዚያ ችሎት ውስጥ ሰው እያለ ጣቶቿ ሲቆሙ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ሬጅስትራሩ ነግሯታል። ማሽኑ ነው ብትል ማሽኑ ደህና ነው የሚል ወረቀት አለ፤ የልብስ ሰፊዋ «ደበደብኩ» እንዳለ ይቀራል። እኔ ነኝ ብትል ደግሞ ወንበሯ ሄደ። «አትበይ፣ አትበይ» እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። የልብስ ሰፊዋን አፍ ነበር የምታየው። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል አይወጣትም።

«ተደበደብኩ ነው ያለችው» አለች መትረየስ። «አፏን እያየሁ ነበር። ተሳስቻለሁ። የእኔ እጅ ነው።»

የራሷን ቃል ራሷ መጻፍ ስለማይፈቀድላት ከጎን ችሎት አንዲት አዲስ ጸሐፊ ተጠራች። ልጅቷ አንድ በአንድ፣ ረጋ ብላ፣ ወጥቷል ወይ እያለች ጻፈችው። «ተሳስቻለሁ።» ምንም አልጎደለበትም። ያን ሰሞን ከዚያ ወንበር ላይ የምር ሙሉ ሆኖ የወጣ «ተ» ቢኖር እሱ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ቃል ታረመ። መትረየስ በማግስቱ ምድር ቤት ወረደች። ወንበሯን ይዛ ልትወርድ ብትለምን የችሎት ንብረት ነው አሏት። ያቺ አዲሷ ልጅ ተቀመጠችበት፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን ካርቶን አውጥቶ መጣል ነበር። በዝግታ ስለምትጽፍ አንድም ሆሄ አይጎድልባትም። ምስክሮች ቆመው ይጠብቋታል፣ ቀጠሮ ይራዘማል፤ ግን ስህተት የለም። «አያችሁ?» አለ ሬጅስትራሩ። «ዕድሜ ነው ብዬ አልነበር?» ሁሉም አዎ አለ። እኔ ምድር ቤት ወርጄ ጮህኩባት።

«እያወቅሽ ነው አይደል? እየነገርኩሽ! ለምንድን ነው እኔ ነኝ ያልሽው?»

«ማሽኑ ነው ብል ማን ያምነኝ ነበር?» አለች። «እኔ ነኝ ስል ግን አንድም ሰው አልተጠራጠረም።»

ይኼን ስትል አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ ረታች። የፍርዱን ኮፒ ልትወስድ እኔ ጋ መጣች። ሰንበሩ ጠፍቶላታል፣ ፊቷ ወዝ ይዟል፤ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ወረቀቱን እየተቀበለችኝ «ያቺ ጸሐፊ ግን ገደል ልትከተኝ ነበር እኮ» አለች። «ምን አደረግኳት? እግዜር ይይላት። እንኳንም አነሷት።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ። ብነግራት ምን ታደርግበታለች? «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ» ብዬ ሸኘኋት። ማሽኑ ላይ ተደግፌ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ፤ ወረቀት ሲጨናነቅበት እንኳ አላወቅኩም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሪስታርት ወደ ክፍሌ ገባ። ሁሌ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፤ ያን ዕለት ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሲስተሙ ነበር» አለኝ።

«ምኑ?»

«የእትዬ። ሌሎች ፍርድ ቤቶችም ተቸግረው ኖሯል። ተርሚናሉ አዲስ መስመር ከፍቶ ሳይጨርስ ቶሎ የሚጽፍ ሰው ከደረሰበት፣ የመጀመሪያውን ሆሄ ሳያጸናው ይጥለዋል። በዝግታ ለሚጽፍ አይታይም። ዛሬ ማስተካከያ መጣ፤ ጭኜዋለሁ፣ አሁን የለም።»

«ስለዚህ የበደሏት ፈጣን ስለሆነች ነው በለኛ!»

ጫማውን ጫማውን ማየት ጀመረ። «እኔ ስሞክረው ይሠራ ነበር» አለ።

«አንተማ ስትሞክረው አንዱን ፊደል ጽፈህ ሌላው እስኪገኝ ፀሐይ ትጠልቃለች!» ብዬ ጮህኩበት። አልተቆጣም። ደህና ሁኚም ሳይለኝ ወጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጊዜ አላጠፋሁም፤ ሬጅስትራሩ ቢሮ ዘው አልኩ። ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ፤ ይኼ ጥሩ ጠባዩ ነው። ከዚያ በዚያች በቅቤ ድምፁ «ራሳቸው አምነዋል እኮ» አለኝ። «ስህተቱ የእኔ ነው ያሉበት ቃል አለ፤ ፈርመዋል። የእሳቸው ስህተት አይደለም ከተባለ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ቃል የታረመበት ምክንያት አብሮ ይወድቃል። ጠበቃው ይግባኝ ብሏል፤ ይኼን ቢሰማ በደስታ ነው የሚዘለው። እስቲ አንቺው ምረጪ፤ የትኛዋ ትውደቅ?»

ምን ልበል? ደረጃውን እየተደናበርኩ ምድር ቤት ወረድኩ።

መዝገብ ማከማቻው ረጅም ክፍል ነው፤ አምፖሉ ግማሹ አይበራም፣ ግድግዳው እርጥበት ያዝላል፣ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እሷ ጥጉ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተሰጥቷታል፤ ላይዋ ላይ ከላይ ሲጣል የወረደ ኮምፒውተር። ሥራዋ ፍርድ ያገኘውን መዝገብ ማሸግ ነው። ለእያንዳንዱ «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ጽፋ አትማ ትለጥፋለች። ቀኑን ሙሉ፣ ያቺኑ አንዲት ቃል።

ነገርኳት። ሪስታርት ያለውን፣ ሬጅስትራሩ ያለውን፣ አንድም ሳላስቀር። ስነግራት አፌን ታያለች።

«እንግዲህ እጄ አልነበረም» አለች በመጨረሻ።

«አልነበረም። ነግሬሽ ነበር እኮ!»

«ነግረሽኝ ነበር።» ያሸገችውን መዝገብ ወደ ጎን አደረገች። «ተይው በቃ። ያቺ ሴትዮ ሱቋ ገብታለች። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሞቼ እገኛለሁ።»

«እሷ እኮ እየረገመችሽ ነው፣ እትዬ!»

«እውነቷን ነዋ። እኔም እሷን ብሆን እረግም ነበር።»

ምን ይደረጋል? እሷ ወደ ሥራዋ ዞረች። መጀመሪያ ልብ አላልኩም ነበር። በኋላ ግን ጆሮዬ አንድ ነገር እንደጎደለው አወቀ። ጠጠታ የለም። ቀና ብዬ አየኋት። በአንዲት ሌባ ጣቷ ነው የምትጽፈው። «ት»ን ነካች፤ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። አናባቢውን ነካች፤ ቀና ብላ አየች። ያቺ አፍ ብቻ እያየች የምትጽፈው ሴት! እንደ ሪስታርት።

«ማሽኑ ተስተካክሏል አልኩሽ እኮ» አልኳት። «ይኼኛውም ታድሷል። እንደ ድሮሽ ጻፊ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። ግን ጣቷ አልፈጠነም። አንዷን ቃል ጽፋ ስትጨርስ ኪቦርዱን ለቀቀችና መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው» አለችኝ። «እይልኝ፤ ተ አለች?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ተዘግቷል ይላል።

«አለች እትዬ።»

«በደንብ አይተሻል?»

«አለች» አልኳት። እሷም አተመችው፣ መዝገቡ ላይ ለጠፈችው፣ የሚቀጥለውን አነሳች።